ትንንሾቹን ሥራዎች አትጨርሱባቸው

በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። «ኦፕን ሶርስ ከየት ልጀምር?» ለሚል ልጅ የተጻፈው ምክር ሞልቶ ተርፏል። የምጽፈው ለእኛ ነው፤ የሪፖዚቶሪው ቁልፍ በእጃችን ለሆነ፣ የተላከልንን ኮድ አይተን «ይግባ» ወይም «ይመለስ» ለምንል፣ ስማችን ከፕሮጀክቱ ስም ጋር አብሮ ለሚጠራ ሰዎች። እያረጀን ነው። ከኋላችን የሚመጣው ሰው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ልጆቹ ጠፍተው አይደለም፤ የሚጀምሩበትን ሥራ ስላላስቀመጥንላቸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን ልናገር።

አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመው ፕሮጀክት ምን እንደሚገጥመው አይተናል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ኤክስዜድ ዩቲልስ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ማግኘቱን ለዓለም አሳወቀ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያምቅ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የማይገኝበት የሊኑክስ ማሽን ጥቂት ነው። ፍሮይንድን ያነቃው በኤስኤስኤች ወደ ማሽን ሲገባ የታየው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበር። ያቺን ግማሽ ሰከንድ ንቆ ቢያልፋት ኖሮ፣ ስሪት 5.6.0 ወይም 5.6.1 የተጫነበት ብዙ ሰርቨር ለማያውቀው ሰው የተከፈተ ቤት በሆነ ነበር።

ተንኮሉን የሠራው «ጂያ ታን» በሚል ስም የቀረበ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ የሆኑ ትንንሽ ማሻሻያዎችን እየላከ በትዕግሥት ቆየ። ፕሮጀክቱን ለረጅም ዓመታት የያዘው ሰው አንድ ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። በ2022 ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች መጥተው «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው አካፍል» እያሉ ወተወቱት። ሰውየው መድከሙን በግልጽ ተናግሮ ነበር። ከጎኑ የነበረው ብቸኛ ረዳት ያው «ጂያ ታን» ነውና ቁልፉን ለእሱ አካፈለ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የተማረው «አዲስ ሰው አትመን» የሚለውን ነው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ያ ሰው ከጎኑ በትንንሽ ሥራ ተኮትኩተው ያደጉ አራት አምስት ወጣቶች ቢኖሩት ኖሮ ውትወታው ጉልበት አይኖረውም ነበር። «ለማን ልስጥ?» ሲል የሚመርጠው ሰው ይኖረው ነበር። አጭበርባሪውን ያነገሠው አዲስ ሰው መብዛቱ አይደለም፤ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። ዛሬ ብቻችሁን የምትይዙት ፕሮጀክት ካለ፣ ይህ ታሪክ ስለ እናንተ የተነገረ መሆኑን እወቁ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የኩበርኔቲስ ማኅበረሰብ ኢንግረስ ኤንጂንኤክስ የተባለውን መሣሪያ እንደሚያቆመው አስታወቀ፤ ከማርች 2026 በኋላ አዲስ ስሪትም ሆነ የደኅንነት ጥገና አይኖረውም ተባለ። በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ድርጅት የተንጠለጠለበት ሥራ ነው። ግን ለዓመታት ኮዱን ሲሠሩ የኖሩት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ፣ በምሽትና በሰንበት። ተተኪ ተፈለገ፣ አልተገኘም። ልብ በሉ፤ ኩበርኔቲስ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ምን ማሟላት እንዳለበት በጽሑፍ ካስቀመጡት ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። መፍትሔው የተብራራ ይሁን፣ የሚነካው ኮድ ይጠቆም፣ እንዴት እንደሚፈተሽ ይነገር ይላል ደንቡ። ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን ደንብ ሰው አያሳድግም። ሰውን የሚያሳድገው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እስከ አፍንጫው በሥራ ተይዞ ከቆየ በኋላ «አሁን ተተኪ ላሠልጥን» ቢል ጊዜው አልፏል።

ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ያን ጊዜ የደከሙት ሰዎች ዛሬ ወጣቶች አይደሉም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የኖቶ የኢትዮጵያ ፊደላት በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ማንም ልጅ ከፍቶ ሊያያቸው፣ ሊያሻሽላቸው ይችላል። የጤና ሚኒስቴራችን ከጤና ተቋማት መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። የኪቦርዱ፣ የፊደል አራሚው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ የትርጉሙ ሥራ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው ያለው። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ሲደክሙ የሚረከበው ማነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ካልጠየቅነው ነገ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ልግባ። ትንንሾቹን ሥራዎች ራሳችሁ አትጨርሷቸው።

ይህ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ታታሪ ሰው የሚመሰገነው የተከፈተን ኢሹ ቶሎ ቶሎ ሲዘጋ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ የተሳሳተች ፊደል፣ የጎደለች ቴስት፣ ግልጽ ያልሆነ የስህተት መልእክት ታያላችሁ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅባችሁም። ትሠሩታላችሁ፤ ደስ ይላል፤ ትተኛላችሁ። ያቺ ዐሥር ደቂቃ ግን ለአንድ ጅማ ለሚማር ልጅ የሦስት ቀን ሥራ ነበረች። በሦስቱ ቀን ኮዱን ማውረድ፣ ማስነሣት፣ ቴስት ማስኬድ፣ ጊት ላይ ቅርንጫፍ መክፈት፣ ፑል ሪኩዌስት መላክ፣ ከማያውቀው ሰው ትችት ተቀብሎ ማረም ይማርባት ነበር። እናንተ የዘጋችሁት አንዲት ኢሹ ነው፤ እሱ ያጣው መግቢያውን ነው። በዚህ አካሄድ ዓመታት ሲያልፉ ፕሮጀክቱ ውስጥ የሚቀሩት አስቸጋሪ ሥራዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ «ወጣቱ ከባድ ሥራ አይደፍርም» ብለን እናማርራለን።

ሁለተኛው ነገር መለያው ነው። ጊትሀብ ላይ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል መለያ መለጠፍ አንዲት ጠቅታ ነው፤ ብዙዎቻችንም ከለጠፍን በኋላ ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። አንዱን ላሳያችሁ። ርዕሱ «የአማርኛ ፍለጋ በትክክል አይሠራም» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከጎኑ መለያው። ችግሩን የምናውቀው እናውቀዋለን። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ተጠቃሚ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አዲሱ ልጅ ግን ይህ ኮድ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ አልተነገረውም። ሆሄያቱ ለፍለጋ ብቻ ይዋሃዱ ወይስ ጽሑፉ ራሱ ይለወጥ፣ አልተነገረውም። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ እንኳ የሚከራከሩበትን ጉዳይ ነው «ለጀማሪ ቀላል ሥራ» ብለን የሰጠነው። ልጁ ሁለት ሌሊት ይታገላል፣ አይሳካለትም፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል፤ ይሄዳል። የሄደበትን ምክንያት ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ይኸው ሥራ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ በፍለጋ ጊዜ ሠ እና ሰ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ፋይሉ ይህ ነው፤ ሐን እና ኀን ወደ ሀ የሚመልሰው ሠንጠረዥ መሐሉ ላይ ይገኛል። ከሱ ሥር የሠን ቤተሰብ በዚያው መልክ መጨመር ነው፤ ከሰባቱ ሌላ ሧ እንዳትረሳ። ተጠቃሚው የጻፈው ጽሑፍ አይነካም፤ የሚለወጠው ለፍለጋ የሚዘጋጀው ቅጂ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ «ንጉሥ» ብሎ የፈለገ ሰው «ንጉስ»ንም ማግኘት አለበት፤ ቴስቱ የሚሮጠው በዚህች ትእዛዝ ነው። የሚቸገር ሰው እኔን ይጠይቅ፤ ማታ ማታ እገኛለሁ። ይህን መጻፍ ሥራውን ራሳችሁ ከምትሠሩበት ጊዜ ይበልጣል። አዎ፣ ይበልጣል። ዋጋው ይኸው ነው። መክፈል የማይፈልግ ሰው «አዲስ አባላትን በደስታ እንቀበላለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሪድሚው ላይ ያንሣ።

ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ስትመርጡ ልጁ ከእናንተ በተሻለ የሚያውቀውን ነገር ፈልጉ። ይህን ሊብረኦፊስ በደንብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ሲወጣ የወረሰው ኮድ ከጀርመኑ ስታርኦፊስ የመጣ ነበርና ውስጡ በጀርመንኛ በተጻፉ ማብራሪያዎች የተሞላ ነበር። እነሱም «ኢዚ ሃክስ» የሚል ዝርዝር አውጥተው፣ ከተዘረዘሩት ሥራዎች አንዱን «ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱልን» የሚል አደረጉት። ሌላው ማንም የማይጠራውን የሞተ ኮድ እየለቀሙ ማውጣት ነበር። የመጀመሪያውን ሥራ ለመሥራት በሲፕላስፕላስ መራቀቅ አያስፈልግም፤ ጀርመንኛ ማወቅና ፓች መላክ መቻል ይበቃል። ግን ማብራሪያውን የሚተረጉም ሰው ከሥሩ ያለውን ኮድ ማንበቡ አይቀርም። ሊኑክስም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ስቴጂንግ» የተባለ ክፍል አለው፤ ገና ያልጠሩ ድራይቨሮች ቀሪ ሥራቸው ከጎናቸው ተጽፎ የሚቀመጡበት ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ፓቹን የላከው ለዚያ ነው።

የእኛ ልጆች ምን ያውቃሉ? ጳጉሜንን ያውቃሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበረ፤ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ቀን 2016 ሆነ። ቀን የሚቀይር ኮድ የሚሰናከለው እዚህች ላይ ነው፤ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ የጻፈ ሰው እንቁጣጣሽን በአንድ ቀን ይስታል። ጎንደር ወይም አዳማ ያደገ ልጅ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን ከቤቱ ያውቃል። ለእሱ «ለዚህ ቀን ቴስት ጻፍ፣ የሚወድቅ ከሆነ ንገረን» ብሎ መስጠት ትልቅ ሥራ በትንሽ መጠን መስጠት ነው። በሰዓት አቆጣጠራችን፣ በስም አጻጻፋችን (የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንምና)፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ትርጉም ላይም እንዲሁ የሚሰጥ ሥራ ሞልቷል። አንድ ጎበዝ የውጭ አገር መሐንዲስ ሊገምታቸው የማይችላቸውን ስህተቶች ልጁ አንድ ጊዜ አይቶ ይለያቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ክብደት ልናገር፤ ይህን የምለው በተለይ ዋሽንግተንና ሲያትል፣ ስቶክሆልምና ቴል አቪቭ ተቀምጣችሁ ፕሮጀክት ለምትመሩ ወገኖቼ ነው። ሥራው ቀላል የሚሆነው በማን ሚዛን ነው? ክሮሚየምን ለመሥራት ከ100 ጊጋባይት ያላነሰ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል ይላል የራሱ መመሪያ። እሱ ትልቅ ፕሮጀክት ስለሆነ ነው እንበል። ነገር ግን የእኛም ትንንሽ ፕሮጀክቶች አንድ ፊደል ለማረም ጊጋባይት ሙሉ ጥገኛ ላይብረሪ አውርዱ ይላሉ። ልጁ ኢንተርኔት የሚገዛው በጥቅል ነው፤ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ነው የሚሠራው። ማውረዱ ሰማንያ ከመቶ ላይ ደርሶ መብራት ቢሄድ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ብሩም ተበላ። ስለዚህ የቀድሞውን የለውጥ ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን የኮዱን ቅጂ ብቻ የሚያወርደውን ትእዛዝ ሪድሚው ላይ ጻፉት። ሙሉ ፕሮግራሙን ሳያስነሡ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎችን ለዩ። አንዲቱን ቴስት ብቻ ማስኬጃውን አሳዩ። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ አንድ ልጅ እንዲቆይ ወይም እንዲሄድ የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው።

ስለ ዝምታም ልንገራችሁ። ልጁ ደክሞ ፑል ሪኩዌስቱን ልኳል። ሁለት ሳምንት መልስ የለም። ሌላ አገር ያደገ ልጅ «አያችሁልኝ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የእኛ ልጅ ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። «ታላላቆቼን አስቸገርኩ»፣ «የላክሁት የማይረባ ቢሆን ነው ዝም ያሉኝ» ይላል። እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግነው፤ ታላቅን ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው ብለን። እንግዲያው ቀድሞ መናገር የእኛ የታላላቆቹ ፈንታ ነው። «ደርሶኛል፣ እስከ እሑድ አየዋለሁ» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ስትገመግሙትም ዐሥራ አምስት ስህተት በአንድ ጊዜ አታፍስሱበት፤ ሁለቱን ዋና ዋናዎች ንገሩት፣ ሌላውን በሚቀጥለው። የመጀመሪያ ሥራው ፍጹም ባይሆንም ተቀብላችሁ ከኋላው ማስተካከል የምትችሉት ከሆነ ተቀበሉት። እንግሊዝኛው ካስቸገረው ደግሞ በአማርኛ ይጠይቅ፤ አማርኛ ላይ በሚሠራ ፕሮጀክት በአማርኛ መጠየቅ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ጊዜ ከየት እናምጣ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ አንድ ሰው ሁሉን ልጅ አይችልም። የአብነት ትምህርት ቤታችን ግን ይህን ከጥንት ጀምሮ መልሶታል። መሪጌታው እያንዳንዱን ልጅ ራሱ ፊደል ሲያስቆጥር አይውልም፤ ንባብ የጨረሰው ፊደል ላይ ያለውን ያስጠናል፣ ዳዊት የደገመው ንባብ ላይ ያለውን ያርማል። ፊደል ያልለየን ልጅም ቅኔ ቁጠር የሚለው የለም። እኛም ሦስተኛ ፓቹ የገባለትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣው መላሽ እናድርገው። ከእናንተ በተሻለ ያስረዳዋል፤ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ገና አልረሳውምና። ለእሱም ክብር ነው፤ ሥራውን ካስተማረ በኋላ ደግሞ ፕሮጀክቱን ትቶ ለመሄድ ይከብደዋል።

ሌላው ሰበብ «የሚመጣው ሁሉ ቆሻሻ ነው» የሚል ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም። በኦክቶበር 2020 ዲጂታልኦሽን ባዘጋጀው ሃክቶበርፌስት ላይ ለቲሸርት ሲባል ሪድሚ ላይ አንዲት ቃል እየጨመሩ የላኩት ሰዎች ብዛት ፕሮጀክቶችን አጥለቀለቃቸው፤ ዲጂታልኦሽንም ውድድሩን የፈቀደ ፕሮጀክት ብቻ እንዲገባበት አድርጎ ደንቡን በዚያው ወር ለወጠው። ዛሬ ደግሞ ኢሹውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ፣ የተመለሰለትን ሳያነብ የሚልክ ሰው በየቀኑ አለ። የደከመው ሰው መለያውን ሁሉ አንሥቶ ቢዘጋ አልፈርድበትም። ግን አይዝጋ። «ይህን ለውጥ ለምን በዚህ መንገድ እንዳደረግህ በራስህ ቃል ጻፍ፣ ቴስቱን ስታስኬድ ያየኸውንም ጨምር» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሊማር የመጣው ልጅ ይመልሳል፤ ቲሸርት ፍለጋ የመጣው ይጠፋል። ማሽኑ በደቂቃ የሚሠራውን ሥራ ለልጅ ማስቀመጥ ሞኝነት የሚመስላቸውም አሉ። ሥራውን የምናስቀምጠው እንዲያልቅ ብለን ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። የምናስቀምጠው ግን ነገ የማሽኑን ሥራ አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ሰው እንዲኖረን ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ከፕሮጀክታችሁ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ሥራዎች ምረጡ፤ ፋይሉን፣ የሚጠበቀውን ውጤትና የፍተሻውን ትእዛዝ ጻፉባቸው፤ የሚጠየቀውን ሰው ስም አስቀምጡ፤ ከዚያ እጃችሁን አንሡ። ወር ሙሉ ማንም ባይነካቸው እንኳ እናንተ አትንኳቸው። የምታውቁት አስተማሪ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ካለ የሦስቱን ሥራ አድራሻ ላኩለትና ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። አንድ ልጅ እንኳ ከመጣ በዚያው ቀን መልሱለት።